የጠዋት ጉም፦ ሞራና ግላኮማ በአንድ ቀን ሲታከሙ ኮርኒያ ምን ይሆናል?



በአንድ አቤቱታ ልጀምር። ዓይን የሚያክም ሐኪም ሁሉ ይህን መሰል አቤቱታ ሰምቷል። ሞራ ከተገፈፈላቸው ጥቂት ዓመታት ያለፏቸው አንዲት እናት ይመጡና እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ፣ ዓይኔ በርቶልኝ ደኅና አይ ነበር። አሁን አሁን ግን ጠዋት ስነሣ ቤቱን ጉም ሞልቶት አገኘዋለሁ። ቡና አፍልቼ በረካው ላይ ስደርስ ጉሙ ገለል ይላል። ሞራው መልሶ በቀለ እንዴ?»

ሞራ መልሶ አይበቅልም። ሰው ሠራሹ ሌንስ የተቀመጠበት ስስ ከረጢት ከጊዜ በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል፤ እርሱ ግን ጠዋት መጥቶ ረፋድ ላይ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ ከመጣ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። እንዲህ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣና የሚሄድ ጉም የሚነግረን ስለ ኮርኒያ፣ ማለትም ስለ ዓይን የፊት መስኮት፣ ነው። እኒያ እናት «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» ብለው የለኩት ነገር፣ ውድ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ሐኪም ሊያገኝ ከሚችለው ጥቆማ ሁሉ የላቀው ነው። የዛሬው ንግግሬም የሞራና የግላኮማ ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይን ላይ ሲደረግ ይህች መስኮት ምን ትሆናለች የሚለው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮርኒያ በአማርኛ የጸና ስም የለውም። የዓይን ባንካችን ልገሳ ሲጠይቅ «የዓይን ብሌን» ይለዋል። በአያቶቻችን አነጋገር ግን ብሌን ማለት በዓይን መካከል ያለችው ጥቁር ክብ ናት፤ «እንደ ዓይኔ ብሌን» የምንላት። እኔ እንዳይምታታብኝ ኮርኒያ እላለሁ። የእጅ ሰዓት መስታወት ቆጣሪዎቹን እንደሚሸፍን፣ ኮርኒያም ከፊት ሆኖ ጥቁሩን የዓይን ክፍል ይሸፍናል። ውፍረቱ መካከሉ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። የደም ሥር የለውም። ከሦስት አራተኛ በላዩ ውኃ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባለው ክር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ የሚያስደንቅ ነውና። የዓይናችን ነጩ ክፍልም የተሠራው ከዚሁ ኮላጅን ነው። ታዲያ አንዱ እንደ ኖራ ግድግዳ ነጭ፣ ሌላው እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ የሆነው ለምንድን ነው? በ1957 ዴቪድ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ መልስ ሰጠ። በኮርኒያ ውስጥ ያሉት ክሮች እኩል ውፍረት አላቸው፤ የተዘረጉትም እኩል ርቀት እየጠበቁ ነው፤ ስለዚህ ብርሃን ሳይበተን ያልፋል። ጥሩ ሸማኔ ድሩን ሲዘረጋ እንደማለት ነው። በዚህ ድር መካከል ከልክ ያለፈ ውኃ ከገባ ክሮቹ ይራራቃሉ፣ ሥርዓታቸው ይፈርሳል፣ መስኮቱም ጉም ይለብሳል።

ውኃው ደግሞ መግባቱ አይቀርም። ከኮርኒያ ጀርባ ዘወትር ፈሳሽ አለ፤ ኮርኒያም እንደ ስፖንጅ መምጠጥ ይወዳል። ይህን የሚከላከለው ከጀርባው የተነጠፈ አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ኢንዶቴልየም ይባላል፤ እኔ ንጣፉ እለዋለሁ። ውፍረቱ 5 ማይክሮን ያህል ነው፤ አንዲት የጸጉር ዘለላ ከእርሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ትወፍራለች። ሕዋሳቱ በማጉያ ሲታዩ ባለ ስድስት ጎን ናቸው፤ የማር እንጀራ ቁርጥ። ሥራቸው ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ በጣሳ ውኃ እየቀዳ ወደ ደጅ የሚደፋ ሰው ሥራ ነው። ቀን ከሌት ይቀዳሉ። ካቆሙ ቤቱ ይሞላል።

ቆዳችን ሲጫር ይተካል። የኮርኒያ የፊት ቆዳ እንኳ እሾህ ቢጭረው በጥቂት ቀናት ይድናል። እነዚህ የጀርባ ሕዋሳት ግን በሰው ዓይን ውስጥ ተባዝተው ራሳቸውን አይተኩም። ከእናታችን ማሕፀን ይዘናቸው የመጣን ስንቅ ናቸው፤ አንዴ የተሞላ፣ ዳግም አዝመራ የማይገባበት ጎተራ። በወጣትነት በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 3,000 ገደማ አሉ። ጤነኛ ሰው ላይ በየዓመቱ 0.6 በመቶ ያህል ይጎድላሉ። አንዷ ስትሞት ጎረቤቶቿ ተለጥጠው ቦታዋን ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ቁጥራቸው ወደ 500 ሲያሽቆለቁል ግን የቀሩት ውኃውን ቀድተው መጨረስ ያቅታቸዋል። ስንተኛ ዓይናችን ተከድኖ ስለሚያድር ከፊት በኩል የሚተን እርጥበት የለም፤ ጤነኛ ኮርኒያም ሌሊት በመጠኑ ያብጣል። ደካማ ንጣፍ ያለው ሰው ታዲያ አብጦ ይነሣና፣ ዓይኑ ተገልጦ ነፋስ ሲያገኘው፣ የቀሩትም ሕዋሳት ሲቀዱ፣ ረፋድ ላይ ይጠራለታል። የእናታችን በረካ ምስጢሩ ይህ ነው። ሲብስ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፤ ከኮርኒያው ፊት ላይ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች ይወጣሉ፤ ሲፈነዱም እንደ አሸዋ ይቆረቁራሉ።

አሁን ወደ ሁለቱ በሽታዎች። ሞራን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ራሱ ሥዕል ነው። የጠራው የተፈጥሮ ሌንስ እንደ ረጋ ሞራ ይነጣል ወይም ቡናማ ይሆናል። ከ2005 እስከ 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ነው፤ በግላኮማ 5.2 በመቶ። ቁጥሩ ግላኮማን ትንሽ ያስመስለዋል። ነገር ግን በሞራ የጠፋ ብርሃን በግማሽ ሰዓት ቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል፤ በግላኮማ የሄደው አይመለስም።

ግላኮማ ሕዝቡ «የዓይን ግፊት» የሚለው ነው። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡ፤ ቧንቧው ሳያቋርጥ ያስገባል፤ የሚወጣበት ሲጠብ ግን ግድግዳው ይወጠራል። በዓይን ውስጥ በደቂቃ 2.5 ማይክሮሊትር ገደማ ፈሳሽ ይመነጫል፤ መውጫው ሲደፈን ግፊቱ ከኋላ ያለውን የዕይታ ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። እንግዲህ ይህ ፈሳሽ ትርፍ ውኃ ብቻ አይደለም። ደም የሌለውን ሌንስና የኮርኒያውን ንጣፍ የሚመግበው እርሱ ነው። ስለዚህ ፈሳሹን የሚያዞር፣ አዲስ ቦይ የሚቀድድ ቀዶ ሕክምና ሁሉ የንጣፉን ማዕድ ይነካካል። ይህን ነጥብ አትርሱብኝ።

ሁለቱ በሽታዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ሽማግሌ ዓይን ውስጥ ይገናኛሉ። ዕድሜ ያገናኛቸዋል፤ ሕክምናውም ያገናኛቸዋል። በ2001 ውጤቱ በታተመ አንድ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ሞራ የማውጣት ዕድሉ በ78 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በእኛ አገር ደግሞ ሦስተኛ አገናኝ አለ። ኤክስፎሊየሽን የሚባል፣ በዓይን ውስጥ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ብናኝ የሚያራግፍ ችግር በሞራና በግላኮማ ሕሙማኖቻችን ላይ ዘወትር ይታያል። ብናኙ የፈሳሹን መውጫ ይደፍናል፤ ሌንሱን አንጠልጥለው የያዙትን ክሮች ያላላል፤ የኮርኒያውንም ንጣፍ አስቀድሞ ያሳሳዋል። እንዲህ ያለ ዓይን ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባው ጎተራው ገና ከመነሻው ጎድሎ ነው።

ታዲያ ሁለቱን በአንድ ቀን ማከም ለምን ተመረጠ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከሩቅ ገጠር ልጁን ይዞ፣ በሬውን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ የመጣ ገበሬ «ከስድስት ወር በኋላ ለሁለተኛው ተመለስ» ቢባል ላይመለስ ይችላል። ሌላው ሙያዊ ነው፤ ዓይን ሁለት ጊዜ ከመከፈት አንድ ጊዜ ቢከፈት ይመርጣል።

የሞራው ሕክምና ራሱ ከንጣፉ ጥቂት ይወስዳል። ቻርልስ ኬልማን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም በ1960ዎቹ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥርሱን የሚያጸዳው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ሲነዝር አየና፣ ሌንስንም በዚሁ ሰባብሮ በጠባብ ቀዳዳ መምጠጥ እንደሚቻል አሰበ። ዛሬ ሀብታም አገሮች ውስጥ የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ንዝረቱ፣ የሚሽከረከረው ውኃና እንደ ጠጠር የሚበታተነው ስባሪ ከንጣፉ ሚሊሜትሮች ርቀት ላይ ነው የሚሠሩት። ንጣፉን የሚያድነው ሐኪሙ በሥራው መካከል የሚረጨው እንደ ተልባ ውኃ የሚለጠልጥ ጄል ነው። ይህን ጄል ለዓይን ያበቃው የሃንጋሪው ተወላጅ ኤንድሬ ባላዥ ሲሆን፣ መጀመሪያ የወጣውም ከአውራ ዶሮ አናት ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ነበር። የዓለምን ኮርኒያ ያተረፈው ዶሮ ነው ብል ማጋነኔ አይደለም።

በአገራችንና በሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ይበልጥ የሚሠራው ግን ሌንሱን ሳይሰብሩ በትንሽ የዋሻ ቅርጽ ቀዳዳ ሙሉውን በእጅ ማውጣት ነው። ብዙዎች ይህን የድሃ ሕክምና አድርገው ይንቁታል። እኔ አልስማማም። በሕንድ አገር በተደረገ ንጽጽር፣ በሠለጠነ እጅ ሲሠራ በንጣፉ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከአልትራሳውንዱ ጋር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሞራ ከሆነማ በንዝረት ሲሰባብሩት ከመቆየት ሙሉውን ማውጣት ብዙ ጊዜ ለንጣፉ ይሻላል። ለውጥ የሚያመጣው መዘግየት ነው። የዘገየ ሞራ ይጠጥራል፤ የጠጠረ ሞራ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱም የሚከፈለው በሕዋስ ነው።

በግላኮማው በኩል ነባሩ መንገድ በ1968 የካምብሪጁ ሐኪም ጆን ኬርንስ የጻፈበት ትራቤኩሌክቶሚ ነው። በዓይን ነጭ ግድግዳ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ በር ትከፈታለች፤ ፈሳሹ በእርሷ ሾልኮ ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ይጠራቀምና ቀስ በቀስ ይመጠጣል። ለኮርኒያ አደጋው በሩ ከመጠን በላይ ሲለቅ ነው። ዓይኑ እንደ ተነፈሰ ኳስ ይላላል፤ በኮርኒያና ከኋላው ባለው ሥጋ መካከል የነበረው ክፍተት ይጠባል፤ ከተነካኩማ ንጣፉ በቀናት ውስጥ ይፋቃል። ጠባሳ እንዳይበዛ በበሩ ዙሪያ የሚቀባው መድኃኒትም ታጥቦ ካልጠራና ወደ ውስጥ ከዘለቀ ለሕዋሳቱ መርዝ ነው። ጣምራው ሕክምና ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ በጎ ነገር ያመጣል። የተፈጥሮ ሌንስ ወፍራም ነው፤ የሚተካው ሰው ሠራሽ ሌንስ ደግሞ ስስ ስለሆነ፣ ሞራው ሲወጣ በዓይን ውስጥ ቦታ ይሰፋል። ጓዙ የወጣለት ጎጆ እንደማለት ነው፤ የመነካካቱ ዕድል ይቀንሳል። ሚዛኑ ግን በሌላ በኩልም ያዘነብላል። የሞራው ሥራ የሚያስነሣው ብግነት አዲሷን በር ቶሎ ሊያጠብባት ስለሚችል፣ ጣምራው ግፊትን የማውረድ ኃይሉ ትራቤኩሌክቶሚ ብቻውን ሲሠራ ካለው አነስ ይላል።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ታሪክ የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ነው። የሆነው በአሜሪካ ነው።

ሐኪሞች የትራቤኩሌክቶሚን ከባድነት ሽሽት ጥቃቅን ቱቦዎች መፈለግ ጀመሩ፤ የሞራ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ በዚያው ቀዳዳ ገብተው በደቂቃዎች የሚተከሉ። ከነዚህ አንዷ ሳይፓስ ትባል ነበር። ርዝመቷ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ውፍረቷ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል፣ በራሷ በኩል ሦስት ቀለበቶች ያሏት የፕላስቲክ ቱቦ ነበረች። ከነጩ የዓይን ግድግዳ ሥር ትሰካና ፈሳሹን በዚያ ታስተነፍሰዋለች። ሞራና ግላኮማ ያለባቸው 505 ሰዎች በጥናት ተመዘገቡ፤ 374ቱ ሞራቸው ሲወጣ ቱቦዋም ተተከለችላቸው፤ 131ዱ ሞራቸው ብቻ ወጣላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤቱ ታየ። ቱቦዋ ካላቸው ከአራቱ የሦስቱ ገደማ ግፊት ያለ ጠብታ መድኃኒት አንድ አምስተኛና ከዚያ በላይ ወረደ፤ ከሌሎቹ ግን ከአምስቱ የሦስቱ ገደማ። የኮርኒያው ንጣፍም ተቆጠረ፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ብዙ ልዩነት አልተገኘም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 ፈቃድ ሰጠ፤ አልኮን የተባለው ኩባንያም መሸጥ ጀመረ።

መልካም፤ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስለ እርሷ ባልተናገርኩ። ግን እነዚያኑ ሰዎች እስከ አምስት ዓመት የሚከታተል ተጨማሪ ጥናት ነበር። በአምስተኛው ዓመት ንጣፉ ሲቆጠር፣ ሞራቸው ብቻ የወጣላቸው ከሕዋሳታቸው በአማካይ 10.1 በመቶ አጥተዋል። ቱቦዋ ያለቻቸው 20.4 በመቶ። በሁለት ዓመት ያልታየው ነገር በአምስት ዓመት እጥፍ ሆኖ ወጣ። ነቀዝ የገባው ጎተራ እንዲህ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው።

በጣም የሚያስተምረው ግን ከአማካዩ ሥር ያለው ነው። ሐኪሞቹ በመስታወት ዓይኑን እያዩ ከሦስቱ ቀለበቶች ስንቱ ወደ ኮርኒያው ክፍል ወጥቶ ይታያል ብለው ቆጠሩ። አንድም ቀለበት የማይታይባቸው በዓመት 1.39 በመቶ ነበር የሚያጡት። አንድ ቀለበት የሚታይባቸው 2.74 በመቶ። ሁለት ወይም ሦስት የሚታይባቸው 6.96 በመቶ። ያው ቱቦ፣ ያው ኩባንያ፣ ያው በሽታ፤ የለየው ቱቦዋ ጠልቃ መግባቷ ወይም ብቅ ማለቷ ነው። ከሚሊሜትር ያነሰ ልዩነት የኮርኒያን ዕድሜ ወሰነ።

በእጃችን እናስላው። ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው 2,400 ሕዋስ ያላቸው ሰው፣ በዓመት 7 በመቶ ያህል እየጎደለ ከሄደ በአምስት ዓመት 1,670 ገደማ ይቀራቸዋል። አሁንም ዓይናቸው የጠራ ነው፤ ምንም አይሉም። ነገር ግን ሲጀመር 1,200 ብቻ የነበራቸው ሰው፣ የእኛን ኤክስፎሊየሽን አስቡ፣ በዚያው ፍጥነት 840 ያህል ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ የጠዋቱ ጉም ሩቅ አይደለም። ያው ሕክምና ለአንዱ ምንም፣ ለሌላው ኮርኒያ ማጣት ነው።

አልኮን በነሐሴ 29 ቀን 2018 ቱቦዋን ከዓለም ገበያ በገዛ ፈቃዱ ሰበሰበ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪም ሐኪሞች መትከል እንዲያቆሙና የተተከለላቸውን ሰዎች ንጣፍ እንዲከታተሉ መከረ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወላጁን በዋሽንግተን ወይም በዳላስ ያሳከመ ሰው ካለ፣ ቀዶ ሕክምናውም በ2016 አጋማሽና በ2018 ነሐሴ መካከል ከነበረ፣ የተተከለ ነገር ካለ ስሙን ከሕክምና ወረቀቱ ላይ ቢፈልግ አይከፋም። ድንጋጤ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ዓይኖች ደኅና ናቸው፤ ንጣፉ መቆጠሩ ግን ተገቢ ነው።

አንዳንዱ ይህን ታሪክ ሲሰማ ኩባንያውን ይረግማል። እኔ የሚደንቀኝ ሌላ ነው፤ መቁጠር አለመቆሙ። በሁለተኛው ዓመት «ተሳክቷል» ብለው ደብተሩን ዘግተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስንት ዓይን ውስጥ በነበረች! ቅሬታዬ የሁለት ዓመቱ መለኪያ ላይ ነው። ባለቤቷ ሳያውቅ፣ ሳታሳምም፣ ሳትታይ የምትሞት ሕዋስ በሁለት ዓመት አትዳኝም። ከሳይፓስ ያነሱ ሌሎች ቱቦዎችም አሉ፤ በተፈጥሮው የፍሳሽ ማዕዘን ውስጥ የሚሰኩት። ከእነርሱ አይስቴንት ኢንጀክት የተባለው በአምስት ዓመት ክትትሉ ሞራ ብቻ ከወጣላቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል የንጣፍ ልዩነት አላሳየም። እንግዲህ «ጣምራ ሕክምና ኮርኒያን ይጎዳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። የትኛው በር? የት ቦታ? በማን እጅ? ሲጀመር ስንት ሕዋስ በነበረው ዓይን ላይ?

ቁጥሩን የሚያሳየው መሣሪያ ስፔኩላር ማይክሮስኮፕ ይባላል፤ የንጣፉን ፎቶ በሰከንድ ያነሣል፤ አያሳምምም። መሠረቱን በ1968 የጣለው ያው ቀደም ብዬ ያነሣሁት ዴቪድ ሞሪስ ነው፤ የኮርኒያን ጥራት ያብራራው ሰው ጉድለቱንም የምንቆጥርበትን ሰጠን። መሣሪያው በየክሊኒኩ አይገኝም። የሌለበት ሐኪም ግን ባዶ እጁን አይደለም፤ በጥሩ የስንጥቅ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ንጣፉን ማየት፣ የኮርኒያውን ውፍረት መለካት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠዋት ስለሚያዩት ጉም መጠየቅ ይችላል። እናንተም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ነግቶ ስትነሡ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍናችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አንብቡ፤ በሌላውም እንዲሁ፤ ቀትር ላይ ድገሙት። ልዩነት ካለ ለሐኪማችሁ የምትነግሩት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው።

ከኮርኒያው ፊት በኩል ደግሞ የጣምራው ሕክምና በጎ ጎን አለ፤ ቶሎ ልለፈው። የግላኮማ ጠብታ ለዓመታት የሚጠቀም ሰው ዓይኑ ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ይቆረቁረዋል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይሆን እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለው ማቆያ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሦስቱ ጠብታ ወደ አንድ ሲወርድ የፊቱ ቆዳ ያርፋል። ግን ጠብታውን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፤ «ተገፍፌያለሁ» ብሎ ራሱ የሚያቆመውን ስንቱን አየን! አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ኮርኒያ ሲያብጥ ግፊት የሚለካው መሣሪያ ይታለላል፤ የላላ ኮርኒያ ስለሚጫን ግፊቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነብበዋል። ኮርኒያው የደከመ ግላኮማ ሕመምተኛ «ግፊትህ ጥሩ ነው» ሲባል ነርቩ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያስ ቀዶ ሕክምናው ይቅርብኝ» የሚል ካለ ግን ንግግሬ ተበላሽቷል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሞራ ያረጀበትን ዓይን እንዲሁ መተው ራሱ በአፈር መጫወት ነው። ያረጀ ሞራ ሲያብጥ የፈሳሹን መውጫ ዘግቶ ድንገተኛ የግፊት ሕመም ያመጣል፤ ያ ሕመም በሰዓታት ውስጥ የሚያጠፋው ሕዋስ ጥሩ ቀዶ ሕክምና ከሚያጠፋው ሊበልጥ ይችላል።

«ንጣፉ ካለቀስ በኋላ? መተካት አይቻልም ወይ?» የምትሉኝ ይመስለኛል። ይቻላል። በታኅሣሥ 1905 ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም፣ ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር በኦሎሙትስ ከተማ፣ በኖራ ዓይኑ ለተቃጠለ ሠራተኛ ከሌላ ሰው ኮርኒያ ተክሎ አሳካ። በእኛም አገር ከ2003 ጀምሮ የዓይን ባንክ አለ፤ ሟቾች የሰጡትን እየተቀበለ ለሕያዋን ያደርሳል። ዛሬ ሙሉውን ኮርኒያ መቀየር ሳያስፈልግ ንጣፉን ብቻ እንደ ስስ ሽፋን ገፍፎ መተካት ተችሏል። ቱቦ የተተከለበት የግላኮማ ዓይን ላይ ግን የተተካው ንጣፍም ዕድሜው ያጥራል፤ ያው ቱቦ አዲሱንም ያገኘዋል።

በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ደግሞ ሺገሩ ኪኖሺታ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሌላ መንገድ ሞከሩ። ከለጋሽ የተገኙትን፣ በዓይን ውስጥ መባዛት የማይሆንላቸውን የንጣፍ ሕዋሳት በላቦራቶሪ ሳህን ላይ እንዲባዙ አደረጓቸው፤ ከዚያም ንጣፋቸው ባለቀ 11 ሰዎች ዓይን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዋስ በመርፌ ሰጡ። ውጤቱ በ2018 ታተመ፤ ሳይፓስ ከገበያ በወጣችበት በዚያው ዓመት። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ የሁሉም ቁጥር ከ500 በላይ፣ የአሥሩ ደግሞ ከ1,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። መርፌው ከተሰጠ በኋላ ሕመምተኞቹ አንድ ነገር ይታዘዛሉ፤ ሦስት ሰዓት በግንባር ተደፍቶ መተኛት። ፊታቸው ወደ ወለሉ ሲሆን ሕዋሳቱ በገዛ ክብደታቸው ቀስ ብለው ይሰጥማሉ፤ ኮርኒያውም ከታች ሆኖ ይቀበላቸዋል።